የቅሬው ተሳቢ

ኅዳር 11

ባቄላውን ውርጭ መታው። ጠዋት ቅጠሉን ስነካው እንደ ተቀቀለ ጎመን ልፍስፍስ ብሏል። የላይኛው ማሳ ብቻ ተርፏል።

ከሰዓት የቅሬ ስብሰባ ነበር። ሰው ሲሞት የምንቀብረውም፣ ሲታመም በቃሬዛ ተሸክመን ላሊበላ የምናወርደውም በቅሬያችን ነው። ወጣቱ አገር ለቆ እየሄደ ተሸካሚ ጠፋ። የቅሬው ዳኛ አያ ከፋለ፣ "ትከሻ አለቀ" አሉ። "ጥርጊያው መንገድ ደርሶናል፣ አሸናፊ ሞተር አለው። ከኋላው የሚጎተት ተሳቢ እንግዛና በሽተኛ ያውርድልን።"

ማን ይምረጥ ሲባል፣ "የትናየት አብራዎት ትሂድ፣ ማንበብ ታውቃለች" አሉ። ብረት ለመምረጥ ማንበብ ምን ይሠራል? ፊደሉንም የለየሁት ካረጀሁ ወዲያ ነው፣ ከጎረቤት ልጆች ደብተር ላይ። እምቢ ማለት አፈርኩና ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል እሺ አለች ይላሉ።

ኅዳር 15

ከአያ ከፋለ ጋር ፍላቂት ሄድን። ገበያው ጥግ ተሠርቶ ያለቀ ተሳቢ ቆሟል። ክፍት ነው። የብረት አልጋ፣ ሁለት ጎማ፣ ከላይ ሸራ። አያ ከፋለ ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉና ወደዱት።

"ይሄ እኮ ገብስም ይጭናል።"

"በሽተኛስ?"

"በሽተኛም። ሸራ አለው አይደለም እንዴ?"

ሸራ... ባሌን ባዘዘውን ታሞ በቃሬዛ ስናወርደው ያለበስነው እንዲህ ያለውን ነበር። ነሐሴ ነው፣ በረዶ ይወርዳል። ከሸራው ሥር ሆኖ ጠራኝ። ደግሞ ጠራኝ። ጠዋት ተጣልተን ስለነበር አልመለስኩለትም። ሰምቻለሁ። ሰምቼ ከኋላ ከኋላ ሄድኩ። ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ጋ ሲደርሱ አውርደው ሸራውን ቢገልጡት...

"ክፍቱ አይሆንም" አልኳቸው። "ዝግ ነው የሚያስፈልገን። ከበሽተኛው ጎን ሰው የሚቀመጥበት።"

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ሻጩ ዞሮ አየኝ።

"አንቺ ደግሞ! ቤት ልታሠሪ ነው?" አሉ አያ ከፋለ።

ኅዳር 22

አያ ከፋለ ለካ አስበውበታል። "በይ እንግዲህ፣ ዝጉን እናሠራ" አሉኝ። ላሊበላ ወርደን ሐምዳን የሚባል በያጅ ዘንድ ገባን። ድሮ የሆቴል በርና መስኮት ይሠራ ነበር። እንግዳው ከቀነሰ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል።

"እናቴ፣ ስንት ሰው ነው የሚይዘው?"

"አንድ የተኛ፣ አንድ የተቀመጠ።"

መሬቱ ላይ በጠመኔ አሰመረና "እስኪ ይተኙበት" አለኝ። ሰው እያየ? ነጠላዬን አንጥፌ ተኛሁ። አያ ከፋለ አፍረው ፊታቸውን አዞሩ። እግሬ ከመስመሩ አለፈ።

"አያ ከፋለ ደግሞ ከኔ ይረዝማሉ" አልኩት።

"እኔን ምን አገባኝ! እኔ ቆሜ ነው የምሞተው!" አሉ። ሐምዳን እየሳቀ መስመሩን ገፋ አደረገው።

ላስቲክ የለበሰ ፍራሽ፣ ደም ቢነካው እንዲታጠብ። መስኮት፣ ከተሰባበረ ሚኒባስ የተነቀለ። ከራስጌ የአየር ቀዳዳ። በሩ ከውስጥም እንዲከፈት አልኩት።

"ተኝቶ የሚሄድ ሰው በር ምን ያደርግለታል?"

"የፈራ ሰው ይከፍተዋል።"

ትንሽ አየኝና እሺ አለ።

ታኅሣሥ 6

መጣ። ሐምዳን ነጭ ቀለም ቀብቶታል። መንደሩ ሁሉ ወጣ። ቄሱ ጸበል ረጩበት። የአሸናፊ ሚስት ሰብሌ፣ ጎረቤቴ፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፣ ጥር ላይ ትወልዳለች። ገብታ ፍራሹን በመዳፏ ተጫነችው።

"እትዬ፣ ይሄማ ከኔ አልጋ ይሻላል! አሸናፊ፣ ሰማህ?"

"እንግዲያው እዚያው እደሪያ!"

ሳቅን። ደስ አለኝ ብዬ ልጻፍ? ቀለል አለኝ።

ታኅሣሥ 14

የአያ ከፋለ ወንድም ጋሻዬ ላሊበላ ታሞ ተኝቶ ነበር፣ ዛሬ አረፈ። ሬሳው ለአገሩ አፈር መምጣት አለበት። አያ ከፋለ እያለቀሱ፣ "የቅሬው ተሳቢ አለ አይደለም?" አሉ።

ሰው እኔን አየኝ። ለበሽተኛ ብላ ያሠራችው እሷ ናት ብለው ነው። ወንድሙ የሞተበትን ሰው፣ እንባው ሳይደርቅ፣ አይሆንም ይሉታል? ዝም አልኩ። አሸናፊ ሄዶ ጭኖት መጣ።

ታኅሣሥ 19

ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። ፋና ብቻ ሳትደብቅ፣ "የሬሳ ሳጥንሽ እንዴት ነው?" አለችኝ። ለካ እንዲህ ብለው ሰይመውታል።

ሰብሌ እቤት መጣች። አልቀመጥም አለች።

"እትዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። እኔ እዚያ ውስጥ አልተኛም።"

"ታጥቧል እኮ።"

"ሬሳ የቀደመበት ላይ ልጅ ይዤ ልተኛ? ሞት በሩን ለምዶታል።"

"ጸበል እናስረጫለን።"

"ጸበሉን አንቺ ጠጪው።"

ኋላ ደንግጣ ጉልበቴን ሳመችኝ። ግን ቃሏን አላነሳችም።

ታኅሣሥ 21

ፍራሹን አውጥቼ በአመድ አሸሁት። ወለሉን፣ መስኮቱን፣ ጎማውን ሳይቀር። ቄሱ ተለምነው እንደገና ረጩ።

"አሁን በቃው፣ አባቴ?"

"ለእግዚአብሔር በቂ ነው። ለሴቶቹ እንጃ።"

ጥር 2

ውርጭ። ተሳቢው አሸናፊ ቤት ጀርባ ቆሟል። ዶሮ ከሥሩ ያድራል። ሬሳው የተጫነ ቀን አፌን ማን ያዘኝ?

ጥር 8

ሰብሌን ምጥ ያዛት። ገና ሳይነጋ ነው የጀመራት። አሸናፊ ሞተሩን አስነስቶ ተሳቢውን ደጃፏ ድረስ አመጣው። አየችውና የቤቱን ምሰሶ አቀፈች።

"ስሞት ጫኑኝ!"

ለመናት። ተቆጣት። ኋላ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔ ገብቼ ፍራሹ ላይ ተኛሁላት፣ "አየሽ፣ ምንም የለም" አልኳት። "አንቺማ ኖረሻል" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ቃሬዛ ይምጣ ተባለ። ተሸካሚ የለም። የገበያ ቀን ነው፣ ወንዱ ሁሉ ወጥቷል። ሰው እስኪሰበሰብ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ነጩ ተሳቢ ደጅ ቆሞ እያለ ትከሻ ስንጠብቅ...

ቁልቁለቱን ከራስጌዋ ሆኜ እጇን ይዤ ወረድኩ። ፊቷን አልሸፈንነውም። "እትዬ" ስትል "አለሁ" እላለሁ። ሳትጠራኝም አለሁ ስል፣ "አወቅኩ፣ አታድርቂኝ!" አለችኝ። ነአኩቶ ለአብን ካለፍን በኋላ መጣራቱን ተወችው።

ጥር 9

ሰብሌ ተርፋለች። ልጁ ወንድ ነበር። ዘግይታችኋል አሉን ሐኪሞቹ።

ጥር 12

ከሆስፒታል ውጪ ተባለች። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። አሸናፊ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልሎ ይዟል፣ አገር ቤት ልንቀብረው። ሰብሌ ቃሬዛውን አየችው።

"ተሳቢውን አምጡት።"

ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አስጠጉላት።

"አምጡት አልኩ። የፈራሁለት ሞቷል።"

አሸናፊ ወደ መንደር ወጥቶ ይዞት እስኪመለስ ደረጃው ላይ ጠበቅን። ሕፃኑን ሰጥቶኝ ነበር የሄደው። ይቀላል... ገብታ ተኛች። እኔ ጎኗ ተቀመጥኩ። መንገዱን ታቦት ሸኚው ዘግቶታል፣ ዘፈኑና ከበሮው እየተጋፋን አለፈ። ሰብሌ በመስኮቱ ታያቸዋለች። ዳገቱ ሲጀምር እጇን ዘርግታ ልጇን ከጭኔ ወሰደችው።

የካቲት 3

የቅሬ ስብሰባ። ሴቶች ከኋላ ነው የምንቀመጠው። ሰብሌ አልፋን ሄዳ ከፊት ቆመች። የፊቷ ወዝ ገና አልተመለሰም።

"ተሳቢው ሬሳ አይጫንበት" አለች። "ሬሳ በትከሻ ይሂድ።"

ደሳለ ቀልድ አይቀርበትም። "ለበሽተኛ ያልተገኘ ትከሻ ለሬሳ ከየት ይመጣል፣ እህቴ?"

"ሬሳ ይጠብቃል። ልጄ አልጠበቀም።"

ደሳለ ባርኔጣውን አወለቀ። ሳላስበው ተነሳሁ። "እኔም እንደሷ ነኝ" አልኩ፣ አያ ከፋለን እያየሁ። ከዚያ ፋና ተነሳች። ከዚያ ሌሎቹ። አያ ከፋለ ጋቢያቸውን ደጋግመው አጣፉ። መጀመሪያ የተጫነው ሬሳ የወንድማቸው ነው... "ይሁን" አሉ በመጨረሻ። "ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው።"

ወደ ማታ ትርሐስ ከላይኛው ሰፈር መጣች። ወሯ ገብቷል። ተሳቢውን ከፍታ አየች፣ ዘጋችው፣ ሰብሌን "አብረሽኝ ትወርጃለሽ?" አለቻት። "እወርዳለሁ" አለቻት ሰብሌ።

እንግዲህ የኔም ሬሳ በትከሻ ነው ማለት ነው። ዳገቱን ለሚሸከሙኝ ካሁኑ አዘንኩላቸው።