ቀይዋ መኪና እንግዳውን ይዛ የበረረችበት ቀን

ይድረስ ለማከብርህና ዓይንህን ለማየት ለምጓጓ ለወንድም ጋሼ ለደሴ፣ አሰብ።

እንደምን ከረምህ? ያ ሰው ይቀቅላል የሚሉት ሙቀት እንዴት አደረገህ? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ተሳቢው ላይ ስትወጣና ስትወርድ አሁንም ይይዝሃል? ጥሩብርሃን ደኅና ናት? ልጆቹ አድገው ይሆን? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እስከዚህች መስመር ድረስ ደኅና ነኝ። ከዚህች በታች ያለውን ግን ተቀምጠህ አንብበው።

ከሁሉ አስቀድሞ እጅ ጽሑፉን እይልኝ። የጸሐፊ ይመስልሃል አይደል? የእኔ የወንድምህ የማረው ነው! ሁለት ክረምት ሙሉ በማታው መሠረተ ትምህርት ፋኖስ ሥር ተቀምጬ ከመቶ ሰው አንደኛ ወጣሁ። ሌሎቹ ገና «ሀ»ን እንደ ቀንበር ሲጎትቱ እኔ ጋዜጣ አነብ ነበር። ጽጌሬዳ ግን ሚስት ናትና፣ «መጻፉንስ ጻፍከው፣ ማን ያነበዋል?» አለችኝ።

የሹፌር ወሬ ከመኪናው ይቀድማልና፣ «ማረው ትልቅ ባለሥልጣን አፍኖ ሊሰወር ሲል ተያዘ» የሚል ደርሶህ ይሆናል። ወንድም ጋሼ፣ እኔ ሰው አላፈንሁም። የሆነውን ከሥሩ ልንገርህ።

ቀይዋን መኪና ታውቃታለህ። መንገድ ሥራ ላይ የነበረው ጣሊያን ሙሴ ብሩኖ፣ እኔ ዘበኛም ሹፌርም ሆኜ ያገለገልሁት፣ አገር ለቆ ሲሄድ ሊብሬዋን በስሜ አዞረልኝ። እሱ በአገሩ ለውድድር የሚነዷት ዓይነት ናት ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ የአስተዳደር ሰው ወስዷት ሳምንት ሳይሞላው «ይቺ መኪና ሳትሆን በሽታ ናት» ብሎ በበሬ አስጎትቶ መለሰልኝ። እውነቱን ነው። ሞተሯ ከወንበሩ ኋላ ስለሆነ አንበሳ አዝለህ እንደመሄድ ነው። ፍሪሲዮኗ የጎረምሳ ጉልበት ይፈልጋል። መሬት ለመሬት ስለምትሄድ ጠጠሩ ሆዷን ሲቧጥጣት የእኔን ሆድ የሚቧጥጠኝ ይመስለኛል። ሁሉን ትችላለች፣ ቀስ ማለት ግን አትችልም። በዝግታ ከነዳሃት ትግላለች። ከጋለች በኋላ እግርህን ከቤንዚን መስጫው ስታነሣ በጭስ ማውጫዋ፣ በማርሚታው በኩል ጧ! ትላለች። የሰማ ሁሉ ጥይት ነው ብሎ ይምላል።

የመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ሲቃረብ የከተማችን ካድሬ ጓድ ካሴ ቤቴ ድረስ መጣ። ከጎንደር ትልቅ እንግዳ ስለሚመጡ፣ ከመንታ መንገዱ እስከ አደባባዩ በቀይዋ መኪና ላይ ቆመው ለሕዝቡ እጅ እየነሡ እንዲያልፉ ታስቧል አለኝ። እኔ ከሰልፈኛው ኋላ በሰው እርምጃ እነዳለሁ።

«ጓድ ካሴ፣ ይቺ በሰው እርምጃ አትሄድም፣ ትተኩሳለች» አልሁት።

«እያስፈራራኸኝ ነው?»

«ኧረ የፈራሁትስ እኔ ነኝ!»

«ቀለሟ የአብዮት ነው፣ ትሄዳለች» ብሎ ወጣ። ጽጌሬዳ ከጓዳ ሆና፣ «ጠላ ቤት ለጠላ ቤት እየዞርክ 'እንደ እኔ የሚነዳ ከዚህ እስከ ሮም የለም' ስትል የሰማህ ማን መሰለህ? ካሴ ነዋ!» አለችኝ። ወጥቼ መኪናዋን ማጠብ ጀመርሁ። 

ቀኑ ደረሰ። እንግዳው ወፈር ያሉ፣ ፊታቸው ደግ የሚመስል ሰው ናቸው። ጣራ የሌላት ናትና ከጎኔ ቆመው የፊት መስተዋቱን ጠርዝ ያዙ። ጠባቂዎቻቸው ገሚሱ በላንድሮቨር ከኋላችን፣ ገሚሱ ከመድረኩ ፊት ነበሩ። እኔ ያልተገራች በቅሎ እንደሚገታ ሰው ፍሪሲዮኗን እየያዝሁ እየለቀቅሁ አዘገምሁ። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እንግዳው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ የእኔ ላብ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ፍሪሲዮኑ መሽተት ጀመረ፣ የሙቀት መለኪያው ቀስት ሽቅብ ወጣ። መድረኩ ጋ ስንቃረብ ጠባቂዎቹ ጣታቸውን ምላጭ ላይ እንዳደረጉ አየሁ። ሞተሯ ከጀርባዬ ጉር ጉር ስትል ነገሩ ገባኝ። እግሬን ካነሣሁ ትተኩሳለች፣ እሷ ከተኮሰች እነሱ ይተኩሳሉ፣ እነሱ ከተኮሱ የሚወድቀው ማረው ነው። ስለዚህ እግሬን አላነሣሁም። ረገጥሁት!

እንግዳው ሳይወዱ በግድ ተቀመጡ። ሰልፈኛው ቀድሞን ገብቶ አደባባዩ ዳርና ዳር ቆሞ ነበርና መኻሉ ክፍት ነው፤ መድረኩ አለፈ፣ አደባባዩ አለፈ፣ የወረታ የመጨረሻዋ ቤት አለፈች። «ወዴት ነው?» ሲሉ ሰማሁ። «ወደ ፊት ነው፣ ጓድ!» አልሁ፤ ሌላ ምን ልበል?

ፎገራ በመስከረም እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ። ግራ ቀኙ ውኃ ነው፤ መንገዱ ብቻ እንደ በሬ ጀርባ ብቅ ብሏል። የምዞርበት ቦታ የለም። ግን ወንድም ጋሼ፣ ላንተ ልናገር፣ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ሙሴ ከሄደ ወዲህ ያች ፍጡር እግሯን የዘረጋችው ያን ቀን ነው። ጉርምርምታዋ ቀርቶ ድምፅዋ ጠራ። ጠጠሩ ከኋላችን እንደ በረዶ ይዘንባል፣ ሰማዩ ግራ ቀኝ ከውኃው ውስጥ አብሮን ይሮጣል። መሪውን በሁለት ጣቴ ይዤ የምሄድ ያህል ቀለለኝ። ላንድሮቨሩ የዝንብ ያህል ሆኖ ቀረ።

ደስታዬ እስከ ርብ ድልድይ ነው። ሜዳው ሲጥለቀለቅ ከብት የሚተኛው መንገድ ላይ ነውና፣ ከድልድዩ ወዲህ የአያ አለኸኝ ላሞች መንገዱን ሞልተው ያመሰኳሉ። ምን ልሁን? ያን ሁሉ ላም ልፈጅ ነው? እግሬን አነሣሁ፣ ፍሬን ያዝሁ። ጧ! ጧ! አለች። ከኋላ ጠባቂዎቹ ሰምተው ወደ ሰማይ ተኮሱ። ላሞቹ ተነሡ፣ የእንግዳው ቆብ በርሮ ውኃ ውስጥ ገባ፣ እንግዳው ራሳቸው ከወንበሩ ሥር ገቡ።

«ተመታሁ?» አሉኝ ከታች።

«አልተመቱም ጓድ፣ እሷን ነው ያስነጠሳት።»

አያ አለኸኝ ዱላቸውን ይዘው መጡና፣ «አንተ ማረው፣ ከብቴን ልትጨርስ ነው? ደግሞ ይህ ከእግርህ ሥር የሸጎጥኸው ማነው?» አሉ። «አያ፣ በሚካኤል ይዤዎታለሁ፣ ዝም ይበሉ» ብዬ ለመንሁ። እረኞቹ ግን አይተው ሳቁ። ያ ሳቅ ነው እስካሁን እንቅልፍ የነሣኝ። እንግዳው ሰምተውታል።

ጠባቂዎቹ ደርሰው ጎትተው አወጡኝና በደረቴ ጭቃው ላይ አስተኙኝ። እንግዳው ጉልበታቸውን አራግፈው መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ በላንድሮቨሩ ወደ ጎንደር ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ካሴ ያገኘውን አጋጣሚ አላባከነውም። «ርብ ማዶ ማን ነበር የሚጠብቅህ? ለየትኛው ቡድን ልታስረክባቸው ነበር?» እያለ ጥቂት ቀን ቀበሌ አሳደረኝ። «ላም ነው የጠበቀኝ» ብለው አላመነም። ኋላም ከከተማ እንዳትወጣ ብሎ ለቀቀኝ። እምዬ እስካሁን ደጅ ደጁን ታያለች፤ ሰው በበራችን ባለፈ ቁጥር ሊወስዱት መጡ ብላ ነጠላዋን ታነሣለች። ቁሐር ሚካኤል ድረስ በእግሯ ሄዳ ተስላ መጣች።

ትናንት ደግሞ መልእክተኛ መጣ። «እንግዳው፣ ማረው መኪናዋን ይዞ እሑድ ጎንደር ይምጣልኝ ብለዋል» አለኝ። እሑድ የደመራ ዕለት ነው።

«ተቆጥተው ነው ወይስ ደስ ብሏቸው?»

«እኔ ምን አውቄ! በስልክ የታዘዝሁትን ነው» ብሎ የቤንዚን ኩፖን ሰጠኝ። ሠላሳ ሊትር ይላል።

ጽጌሬዳ ኩፖኑን ስታይ ፊቷ በራ። አባቷ የጭነት መኪና ረዳት ስለነበር ሒሳቡን ታውቀዋለች። «ሠላሳ ሊትር መኪናን ጎንደር አድርሶ ይመልሳል። ሊያስሩት ለጠሩት ሰው የመመለሻ ቤንዚን የሚሰጥ የት አገር አለ?» ብላ እምዬን አቀፈቻት። እምዬም ከስንት ቀን በኋላ እህል ቀመሰች።

ልክ ናት፤ ለሌላ መኪና ደርሶ መልስ ነው። ይቺ ግን በኮረኮንች መንገድ ከሌላው እጥፍ ትጠጣለች። ሠላሳው ሊትር ጎንደር መግቢያ ላይ አድርሷት ያልቃል። እንግዲህ ወንድም ጋሼ፣ ኩፖኑን የቆረጠው ሰው ስለ መኪናዋ አያውቅ እንደሆነ እመለሳለሁ። ጠይቆ አውቆ እንደሆነ ግን የሰጠኝ ልክ መሄጃዬን ነው። ሌሊቱን ስገለብጠው አደርሁ። ለሴቶቹ አልነገርኋቸውም። እምዬ ለመንገዴ እንጀራ ስትጠቀልል አይቼ እንዴት አድርጌ ልንገራት?

ስለዚህ እሑድ ማለዳ እነሣለሁ። ምናልባት ካልተመለስሁ እምዬን ወደ አንተ አትውሰዳት፣ ሙቀቱ ይገድላታል፤ አንተ ና እንጂ። ይህንንም በፖስታ አልሰጠሁም፣ በተሳቢ ሹፌሩ በአያልነህ እጅ ነው የላክሁልህ። አንብበህ ስታበቃ ለእሳት ስጠው።

እምዬ ውባየሁ ግንባርህን ስማ ትመርቅሃለች። ጽጌሬዳ ጥሩብርሃንን በናፍቆት ትላታለች። ትንሿ ደብሬ የአጎቷን ልጆች አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሳሙልኝ ብላለች። አያ አለኸኝም ከነላሞቻቸው ደኅና ናቸው፤ «ጌታ ያውጣው» ብለው ወተት ልከውልኛል። በርቱልኝ፤ ስሜን በጸሎት አትርሱት።

ታናሽ ወንድምህ ማረው
ወረታ፣ መስከረም ፲፫ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.