ሦስቱ ጀምሶችና የአባባ ጡሩንባ

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለኤፍሬም ሽፈራው፤

እንደምን ሰነበትክ ሆዴ? ጉንፋኑ ለቀቀህ? ያ ደረጃ ስትወጣ የሚያምህ ጉልበትስ ተሻለህ? በበጋ ካፖርት አይወልቅበትም ያልከው አገር ፀሐይ ወጣለት ወይ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ቡታጅራ ዝናቡ ገብቶ ጭቃው እስከ ልብስ ስፌት ቤቴ ደጃፍ ደርሷል። አሁን የምጽፍልህን በስልክ ያልነገርኩህ አባባ እምቢ ብለው ነው። «የስልክ ወሬ ይረሳል፤ በወረቀት ይዞ ያጥናው» አሉ። የጎረቤታችን ልጅ ሳምሪ ለትምህርት ወደ ስኮትላንድ ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ።

እሑድ ደውለህ የነገርከን ነገር ቤቱን ሲያስቅም ሲያስተክዝም ሰነበተ። ስድስት ዓመት ወለሉን የወለወልክበት የመኳንንት ግንብ አስጎብኚ ሊያደርግህ ቢፈትንህ፣ በሦስት ጀምሶች ወደቅህ! ኧርል የሚሉት ማዕረግ እንደኛ ደጃዝማች ያለ ነው ብለኸናል። አባትዬው ጀምስ፣ የኪንላር ኧርል። ልጅዬውም ጀምስ፣ የኪንላር ኧርል። የአጎታቸው ልጅ ደግሞ ጀምስ፣ የኪንሎር ኧርል። ላ እና ሎ ብቻ! አንተም ያገርህ ሰው ነህና፣ ከስም ቀጥሎ የመጣውን ሁሉ የአባት ስም አድርገህ «ጀምስ የአቶ ኪንላር ልጅ» ብለህ አረፍከው። ኪንላር ለካ መሬቱ ኖሯል! ይባስ ብለህ፣ ንጉሡ አንገቱን ያስቆረጠው የኪንሎሩን ሆኖ ሳለ፣ አንተ በሽምግልና አልጋው ላይ የሞተውን ድልድይ ሠሪውን አባትዬውን አስቆረጥከው። ምን አደረገህ ሰውዬው?

አለቃህ ግንቦት ሳያልቅ አንድ ጊዜ ብቻ ደግማ እንደምትፈትንህ፣ ከወደቅህ ግን ወደ ባልዲህ እንድትመለስ መንገሯን ሰምተናል። እዚያ ኤፍሬም የሚባል ኤርትራዊም ስላለ እሱን «ወጥ ቤቱ ኤፍሬም»፣ አንተን «ባልዲው ኤፍሬም» እንደሚሉህ ስታወራ ስቀህ ነበር። እኔ ግን ሳቅህን አውቀዋለሁ፤ የእውነት አልነበረም።

አባባ መጀመሪያ እስኪያስላቸው ሳቁ። «የኔው ልጅ ነው፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም!» አሉ። ይህን ያሉበት ነገር የሆነው አንተ ገና ጡት ስትጠባ ስለሆነ አታስታውሰውም። ሠላሳ ዓመት የዕድሩን ጡሩንባ ሲነፉ የተሳሳቱት አንድ ቀን ብቻ ነው። ሰፈራችን ሁለት አበራ ወልዴ ነበሩ፤ አንዱ ባለወፍጮ፣ አንዱ ጋሪ ነጂ። ጋሪ ነጂው ሲያርፍ አባባ «አቶ አበራ ወልዴ አርፈዋልና ለቀብር ውጡ!» ብለው ለፈፉ። ሰፈሩ እያለቀሰ ባለወፍጮው ግቢ ገባ። ሚስቱ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከገበያ ስትመለስ ሰምታ፣ ዘንቢሏን ጥላ «አበራዬን!» እያለች ስትሮጥ፣ ሰውዬው ዱቄት እንደለበሰ ከወፍጮው ወጥቶ «ማን ሞተ?» አላት። እስከ ዛሬ ይሳቅበታል።

አባባ ግን ሳቃቸውን ጨርሰው «ያ ጋሪ ነጂ እስከ ቀትር አልቃሽ አጥቶ ተኛ። የሱን ለቅሶ ለሌላ ሰጠሁበት» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን በሆዳቸው ይዘውት እንደኖሩ እኔ የት አውቄ!

ከዚያ ከተሳሳቱበት ቀን ወዲህ ስም ብቻውን ጠርተው አያውቁም። የማን ልጅ፣ የየት ሰው፣ በምን የሚታወቅ፤ ሦስቱን ሳይጠይቁ ጡሩንባውን አያነሡም ነበር። የአንተንም ጌቶች እንደዚያው አደረጓቸው። በስልክ ስትነግረን የጻፍኩትን እየደጋገሙ አስነብበውኝ፣ ጠዋት በር ላይ ቆመው ያለ ጡሩንባ በዚያ በድሮ ድምፃቸው ለቀቁት፦ «ጀምስ የዊልያም ልጅ፣ የኪንላሩ፣ ድልድይ ሠሪው! ጀምስ የጀምስ ልጅ፣ የኪንላሩ፣ ፈረስ ጥሎት የሚያነክሰው! ጀምስ የሮበርት ልጅ፣ የኪንሎሩ፣ ንጉሥ አንገቱን ያስቆረጠው!» ጎረቤታችን አሚኔ ነጠላዋን እያጣፋች ወጥታ «የየትኛው ዕድር ሰዎች ናቸው? ሦስቱም ባንድ ቀን?» ብላ ደነገጠች። በሳቅ ሞትን።

ኤፍሬም፣ እውነቴን ነው፣ አባባን እንደዚያ ቀን አድንቄያቸው አላውቅም። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስኮትላንድ በየት በኩል እንደሆነች አያውቁም። ግን ከሞቱ አራት መቶ ዓመት ያለፋቸውን የሰው አገር ሰዎች፣ ለቅሶ እንዳይቀያየርባቸው ብለው በየቀኑ ያጠኗቸዋል። «ያ አንገቱ የተቆረጠው ሰውዬ የራሱን ሐዘን ያግኝ» ብለውሃል። አንተም በእሳቸው ወጥተህ የለ? ለፈተናው ስትቆም የቡታጅራን በር አስበህ እንደሳቸው ልቀቀው።

እማዬ ጉንጭህን ሳመችው፤ ለጉልበትህ ቅቤ ቀብተህ በጨርቅ ጠቅልለህ ተኛ ብላሃለች። ባሌ ዓብይ ሰላም ብሎሃል። ልጄ ኤደን ሦስቱን ጀምሶች በቃሏ ይዛ ትምህርት ቤት ስታስቸግር ውላለች፤ አጎቴን ሳሙልኝ ትላለች። አሚኔም ሰላም በዪው፣ ሟቾቹን ነፍስ ይማር ብላለች።

የአባባን ሰላምታ መጨረሻ ላይ ያደረግኩት እሳቸው ስላዘዙኝ ነው። ትናንት ወረቀቱን ሳሳያቸው እንደገና ወደ በሩ ወጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ኤፍሬም የሽፈራው ልጅ፣ የቡታጅራው፣» ብለው ቆሙ። ወደ እኔ ዞረው «በምን የሚታወቅ ልበል?» አሉኝ። ባልዲው የሚለው ምላሴ ላይ መጥቶ መለስኩት። እሳቸውም አልጠበቁኝም። «ተዪው፣ ቦታውን ክፍት አድርገሽ ላኪለት፤ እሱ ይሙላው» አሉ። ይኸው ትቼልሃለሁ፦

ኤፍሬም የሽፈራው ልጅ፣ የቡታጅራው፣ ……………………

እህትህ ትርሲት ሽፈራው
ቡታጅራ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.