መነጽርሽን አዙሬ

ወፌ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነው ነው። እጄ እንደለመደው “ለጤናሽ እንደምን ነሽ” ብዬ ልጀምር ነበር። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ጽሕፈቴ ድሮም ቀርፋፋ ነው፣ ታውቂዋለሽ፤ አሁን ብሶበታል።

ቤታችን እንዳለ ነው። አልጋሽን አላነሳሁትም። ያንጠለጠልሽው ሹራብ በሩ ጀርባ አለ። በፊት አንቺን አንቺን ይሸት ነበር፣ አሁን አቧራ ብቻ ነው የሚሸተው። ሸማ ተራ ግን ተለውጧል። ከሱቃችን ጀርባ ያለው መደዳ ፈርሶ ፎቅ እየወጣ ነው። ነጠላዎቹ የሲሚንቶ አቧራ ይጠጣሉ፣ እኔም ሳራግፍ እውላለሁ።

ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ አሁንም ፊት ለፊቴ ጋቢ ይሸጣሉ። ያቺን ቀልዳቸውን ግን ትተዋታል። ገና በዳዴ ሳለሽ የእሳቸውን የጋቢ እስር ተደግፈሽ ስትቆሚ፣ የመደዳው ነጋዴ ሁሉ “ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች” እያለ አጨበጨበልሽና ስምሽ ሆኖ ቀረ። ዝዋይ ሐይቅ ወርደሽ ወፍ ለሚያዩ እንግዶች አስጎብኚ ከሆንሽ ወዲህ ደግሞ፣ በመጣሽ ቁጥር “ወፌ ቆመች ብንላት ጭራሽ በረረችብን” ይሉሽ ነበር። አንቺም “ጋሽ ሸምሱ፣ እርስዎ ክንፍ ቢያወጡም ከዚህ በርጩማ አይነሱም” ትያቸው ነበር። ከቀብርሽ በኋላ አንድ ቀን ከአፋቸው አመለጣቸውና “ወፌ” አሉ። የታጠፈ ጋቢ አንስተው ፈቱት፤ እንደገና አጠፉት።

ያስተማርሽኝ አልጠፋኝም። ጠዋት አትክልት ተራ ሽንኩርት ልገዛ ስሄድ ቀና ብዬ አሞራዎቹን አያለሁ። አፉ ቢጫ የሆነው የኛው ነው፤ አፉ ጥቁር የሆነው ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው። ጋሪ የሚገፉት “እማማ፣ ከመንገዱ ዞር ይበሉ እንጂ፤ ሰማይ ላይ ምን ጠፋብዎት?” ይሉኛል።

ሩቁን የሚያቀርበው መነጽርሽ እኔ ጋ ነው። ሐይቁ ዳር የወሰድሽኝ ጊዜ ከእጅሽ ተቀብዬ በተገላቢጦሽ ያዝኩትና “ይቺን ዝንብ የምታክል ወፍ ለማየት ነው ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ የሚመጣው?” አልኩሽ። ስቀሽ ስቀሽ ሣሩ ላይ ተቀመጥሽ። “እማዬ፣ በወፍራሙ በኩል ላየ ሰው ሁሉም ነገር ይሸሸዋል” ብለሽ አዞርሽልኝ።

ካጣሁሽ ወዲህ ግን አውቄ ነው የማዞረው። መሳለሚያ ከታክሲ ትወርጂበት የነበረው ቦታ በመስኮታችን ይታያል። ሰው ሲወርድ በባዶ ዓይኔ ማየት አልችልም፤ ሴቱ ሁሉ አንቺን ይመስለኛል። በወፍራሙ በኩል ሳያቸው ግን ትንንሽ ሆነው ይርቃሉ፤ ማንም ማንንም አይመስልም። እንዲህ ነበር የምኖረው።

ሐይቁንም ዳግመኛ ላላየው ምዬ ነበር። ወባ የያዘሽ እዚያ ነው፤ በጥቂት ቀን ትኩሳት ነው አንቺን የነጠቀኝ። አብራሽ ታስጎበኝ የነበረችው ጓደኛሽ ሀና አምና ብትለምነኝ እምቢ አልኳት። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ሱቅ ድረስ መጣች። “እትዬ አስካለ፣ ሽመላዎቹ ወደ ብርድ አገራቸው ሊመለሱ ተሰብስበዋል። ዘንድሮም እርስዎ ሳያዩልን ይሂዱ?” አለችኝ። “ሳያዩልን” ማለቷ ነው ከተቀመጥኩበት ያስነሳኝ። አንቺን ጨምራ ነዋ።

ሄድኩ። ሽመላዎቹ ዳርቻውን ሞልተው ቆመዋል። መላ አካላቸው ነጭ፣ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር፤ ሐዘን ለደረሰበት ሰው የምሸጠው ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ መሰሉኝ። መነጽሩን እንደለመድኩት አዙሬ ያዝኩት። ሀና አየችኝ። ከዚያ እኔው ወደ ቀጭኑ በኩል መለስኩት። አንዷ ሽመላ ዘልላ ፊቴ የቆመች ያህል ቀረበች፤ የዓይኗን ብሌን ሳይቀር አየሁት። አንቺም እንደዚያው መጣሽ፤ ሣሩ ላይ ተቀምጠሽ፣ እየሳቅሽ። ሳላስበው እጄን ዘረጋሁ። እጄ ላይ ያገኘሁት ንፋስ ነው። በቀብርሽ ቀን ያልወጣልኝ ለቅሶ እዚያ ወጣልኝ።

ፀሐዩ ሲሞቅ ሽመላዎቹ ተነሡ። ከላያችን ሲዞሩ፣ ሲዞሩ ቆይተው ወደ ሰሜን ሄዱ። ሀና “ክረምቱ ሲወጣ ይመለሳሉ” አለችኝ። እነሱስ አዎ።

ልጄ፣ ቃሌ ይቺ ናት፤ መነጽሩን ከእንግዲህ አላዞረውም። መሳለሚያ የሚወርዱትን ሁሉ በቀጭኑ በኩል አያቸዋለሁ። አንቺን መስለው ይምጡ፤ አንቺ አለመሆናቸውን እስካይ ድረስ ይቅረቡኝ። ያመኛል፣ ይሁን። አርቄሽ ከምኖር ይሻለኛል።

እናትሽ
አስካለ