የታቹ ባቡር

የካቲት 4 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ሚኤሶ

አስካለ ወሯ ገብቷል።

አሰበ ተፈሪ፣ እናቷ ቤት ናት። ደጋው ይሻላታል ብለን ነበር። የመጀመሪያው ልጃችን ቤት ተወልዶ አላደረም። የድሬዳዋው ሐኪም ሁለተኛውን ልጅ ቤት እንዳትወልጂ ብሏታል። እንግዲህ በጭነት መኪና ወደዚህ ትወርዳለች፤ ከዚህ በባቡር ወደ ድሬዳዋ።

ስሰፋ ዋልኩ። የጣቢያውን ባንዲራዎች ፀሐይ በልቷቸዋል። የጣቢያው ሹም አቶ ተሰማ ጨርቁን ራሳቸው አመጡ። ጠርዙ ድርብ ይሁን አሉ። ቀዩን ጨረስኩ። አረንጓዴው ነገ።

የካቲት 5

ቀዩን ላደርስ ጣቢያ ሄድኩ። ሃዲድ ቀያሪው ኦቦ ዩሱፍ ጥላ ሥር። እሳቸው ሲቀጠሩ እዚህ እሾህና ድንኳን ብቻ ነበር ይላሉ። የውሃው ታንክ የተሠራው ለባቡር ነው። አሁን ባቡሩ ናፍጣ ይጠጣል፤ ውሃውን ከተማው። ፖስታው፣ ጨው፣ መድኃኒቱ፣ ሁሉም በዚህ በር ይገባል። ግራር ላይ የተንጠለጠለች ቁራጭ ሃዲድ አለች። ባቡር ሲቃረብ ኦቦ ዩሱፍ ይመቷታል። ምሳችንን የምንበላው በሷ ነው።

የባቡር ሰዎቹን ቋንቋም ለምጃለሁ። ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው የላዩ ነው፤ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው የታቹ። ወደ አሰበ ተፈሪ ለሚወጣ ሾፌር መልእክት ሰጠሁ፦ አስካለ ሐሙስ ለታቹ ትድረስ።

እንደ ባቡር ሰው መናገሬ ደስ ብሎኛል፣ ደብተሬ።

የካቲት 7፣ ማታ



የታቹ በጠዋት መጣ። አስካለ የለችም። ሄደ።

ከሰዓት በኋላ መኪናው ደረሰ። ማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ላብ። በሰዓቴ ደረስኩ አይደል አለች። ለደጋ ሰዎች የታቹ ማለት ከታች የሚመጣው ነው። ከድሬዳዋ የሚመጣው ደግሞ ከሰዓት ነው። እናቷም ጎረቤቱም እንደዚያው ተረድተውታል። ማን ይፈርድባቸዋል?

ምጧ ጀምሯል። ወደ ድሬዳዋ ሌላ የመንገደኛ ባቡር እስከ ነገ የለም። ኦቦ ዩሱፍ ጮኹብኝ፦ «አንተ ልብስ ሰፊ! ቋንቋችንን ለምን ወሰድክ? መርፌህ አይበቃህም?»

አቶ ተሰማ አልተቆጡም። ስልኩን ይዘው በፈረንሳይኛ ተከራከሩ። ከአዋሽ የሚወርድ የዕቃ ባቡር አለ፤ እኛ ጋ አይቆምም። እንዲቆም አስፈቀዱ። ባርኔጣቸውን አጠለቁ፤ ቀዩን ባንዲራ ይዘው ሃዲዱ ዳር ቆሙ። እኔ የሰፋሁት ጨርቅ። ያ ሁሉ ብረት እየጮኸ፣ እየጮኸ ቆመ።

የባቡሩ ዘበኛ ኮቱን አውልቆ ፉርጎው ወለል ላይ አነጠፈላት። ወተት ሻጯ አዴ ፋጡማ ጣሳዋን ትታ ተሳፈረች፤ ማንም አልጠራትም። እኔም ልወጣ ስል በእጇ ደረቴን ገፋችኝ። «አንተ ወንድ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ? ውረድ፣ ወተቴን ጠብቅ!»

ጠበቅኩ።

የካቲት 8

ወሬ የለም። ጣቢያው አግዳሚ ላይ ዋልኩ። አቶ ተሰማ ሳልጠይቃቸው እየደወሉ ያጣራሉ። አንዱንም ሰው አያባርሩም፤ ሥራቸውንም አያዛንፉም። ኦቦ ዩሱፍን ጠርተው ከዛሬ ጀምሮ ለመንገደኛ የላዩ፣ የታቹ አይባል አሉ። ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ ይነገር። ኦቦ ዩሱፍ፦ «ዕድሜዬን ሙሉ አፌ የለመደውን?» ብለው አጉረመረሙ። ከዚያ ለብቻቸው ሲለማመዱ ሰማሁ።

የካቲት 9

አቶ ተሰማ ከቢሮ ወጡ። ፊታቸው እንደወትሮው ነው። ከአግዳሚው ተነሳሁ። «ባለቤትህ ሲመለሱ በአንድ ትኬት ሁለት ሰው ናቸው» አሉ። «ሕጉ ይፈቅዳል።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ኦቦ ዩሱፍ ወንድ ነው ሴት ብለው ጮኹ። አቶ ተሰማ አልጠየቁም ነበር። ተመልሰው ደወሉ። ሴት።

የካቲት 16፣ ከሰዓት በኋላ

ሱቅ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ዛሬ ይመጣሉ። አረንጓዴውን ባንዲራ እስካሁን አልጨረስኩም። አቶ ተሰማ ለዛሬ ይድረስልኝ ብለዋል፤ ባቡሩን በአዲሱ ሊሸኙት። ክር አለቀብኝ። ባለሱቁ መሰላል ላይ ነው፤ ቀይ አለ፣ ጥቁር አለ ይላል።

ሃዲዷ ተመታች። የኦቦ ዩሱፍ ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማል፦ ከድሬ የመጣ! ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ!

ባለሱቁ አረንጓዴው ተገኘ ይላል። ይቆይ። ወጣሁ