የደከመ መብራት ድምፅ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ሱቅ በጊዜ ዘጋሁ። ሁለት የተሰነጠቀ ስክሪን፣ አንድ ውኃ የገባበት ስልክ… ሌላ ሥራ አልነበረም። ጾም ስለሆነ ሰርግም የለም። ቤት ገብቼ ከጊታር ሞዴለሬ ጋር ተፋጠጥኩ።

ሳጥኑ የመጽሐፍ ያህል ነው። የዓለም አምፕሊፋየር ሁሉ ቅጂ ይገባበታል ተብሎ ነው የገዛሁት። አንዱ ባሕር ማዶ አምፑ ላይ ማይክ ደግኖ ድምፁን ይገለብጣል፣ ፕሮፋይል ብሎ ኢንተርኔት ላይ ይጭነዋል፣ እኔ ዲላ ቁጭ ብዬ አወርዳለሁ። ዛሬም አሥራ አንድ አወረድኩ። በጆሮ ማዳመጫ ሁሉም ያምራሉ። ስፒከር ላይ ሲወጡ ግን…

ሐሙስ ልምምድ ላይ ዘከርያ ምን አለኝ? (ባንዱም፣ ስፒከሩም፣ የሚጭነን መኪናም የሱ ነው።) «ሲራክ፣ ይሄ ጊታር ነው ወይስ ንብ?» ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ምን አደርጋለሁ?

ዛሬ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ለብቻዬ፣ ድምፅ ቀንሼ ነው የማስተካክለው። ሲቀነስ ባሱ የጠፋ ስለሚመስለኝ እጨምራለሁ፤ ጥርት እንዲል ደግሞ ሹሉን፣ ቀጭኑን ድምፅ እጨምራለሁ። አዳራሽ ውስጥ ሲጮህ ባሱ ሁሉን ያፍናል፣ ሹሉ ጆሮ ይበሳል። ድምፁን የሚያሻክረውን ዲስቶርሽን በግማሽ ቀነስኩ። ከታችም ከላይም ቆረጥኩ። ከፍ አድርጌ ሞከርኩት… ተሻለ። ግን ሰው የለበትም። ማንም ያልገባበት አዲስ ቤት ዓይነት ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

አንዲት ደንበኛ በድሮ ስልኳ ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ እንዳዛውርላት መጣች። ሙሉ በሙሉ መዛወሩን ለማየት አንድ የድምፅ ፋይል ከፈትኩ። ከካሴት የተገለበጠ፣ የድሮው ሆቴል ባንድ፣ ሰዉ እያጨበጨበ… ከዚያ ጊታሩ ገባ።

ሥራዬን አቆምኩ። «ማን ነው?» አልኳት፣ እያወቅኩ። «ደጀኔ ነዋ» አለች። «አሁን የት እንዳለ እንጃ።»

የት እንዳለ እኔ አውቃለሁ። ከሱቄ በእግር ሩብ ሰዓት አይሆንም።

ጋሽ ደጀኔ አሥራ ስምንት ዓመት እዚያ ሆቴል ተጫወተ። ሆቴሉ ሲዘጋ ዘከርያ ወደ ባንዱ ወሰደው። የዛሬ ሁለት ዓመት ደግሞ ተወው። አምፑ ለሁለት ሰው የሚከብድ ነው፣ አንዳንዴም ዘፈን መሃል ይጠፋል። እኔ ሳጥኔን በቦርሳ ይዤ መጣሁ። ቦታው ተሰጠኝ። ለጋሼ አንድ ቃል አልተናገርኩም። መንገድ ላይ ሳየው እንኳ ስልክ የማወራ እየመሰልኩ ነው ያለፍኩት።

ፋይሉን ሳላስፈቅዳት ለራሴ ገለበጥኩ። የምፈልገው ድምፅ ይሄ ነው። ሌላ አይደለም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

ሄድኩ። በር ላይ ሦስቴ ተመለስኩ… ሦስቴ።

«መንገዱ ጠፍቶህ ነው?» አለኝ ጋሼ። ሌላ አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

አምፑ ጥግ ላይ አንሶላ ለብሷል። በውስጡ እንደ አምፖል የሚበሩ ቲዩቦች አሉት፤ ድምፁን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። አንዱ እየሞተ ነው። ምትክ አዲስ አበባም አልተገኘም። ስለዚህ ቆጥቦ፣ በሳምንት አንዴ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ይከፍተዋል። የሚጫወተው ለራሱና ለባለቤቱ ነው።

ከመሞቱ በፊት ልገልብጠው አልኩ። ሳጥኑን አሳየሁት። ገለባበጠው።

«ስትገለብጠው እሱ ምን ይሆናል?»

«ምንም አይሆንም ጋሼ።»

«እኔስ?»

ሳጥኑን ከእጁ ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አዝኖልኝ መሰለኝ፣ «ቅዳሜ ና» አለ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ጠዋት አራት ሰዓት ደረስኩ። አምፑ እንዳይጎዳ ብዬ የመብራቱን ኃይል እኩል የሚያደርገውን የሱቁን ስታብላይዘር ተሸክሜ ሄድኩ። ለደንበኛ ሁሉ የምሰብከው ነው፤ በዲላ መብራት ዕቃህን በቀጥታ አትሰካ።

ማይክ ደቀንኩ፣ ሳጥኑን አገናኘሁ። ሳጥኑ በአምፑ በኩል የራሱን ፉጨትና ጩኸት እየላከ መልሶ ያዳምጣል፤ የሚገለብጠው እንደዚያ ነው። ጋሼ ጊታሩን ታቅፎ ይጠብቅ ነበር። «ያለ እኔ ነው እንዴ የሚሠራው?» አለና ጊታሩን ትቶ ወጣ፣ ደጃፍ ተቀመጠ።

መጨረሻ ላይ ሳጥኑ ቅጂውን እንዲያስተካክል ሰው ትንሽ ይጫወትለታል። ልጠራው ይገባኝ ነበር… ቸኩዬ በሱ ጊታር ራሴ ተጫወትኩ።

አምፑንና ቅጂውን እያፈራረቅኩ ሰማሁ። ልዩነት የለም። ጋሼን አስገብቼ አሰማሁት። አንገቱን አዘንብሎ ሰማና «ጥሩ ድምፅ ነው» አለ። «የኔ ግን አይደለም።»

እርጅና ነው አልኩ በልቤ። እየተነጫነጭኩ ስታብላይዘሬን ተሸክሜ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

ከካሴቱ ቅጂ ጋር አስተያየሁት። ሽማግሌው ልክ ነው! በካሴቱ ላይ ኖታው ሲመታ መጀመሪያ ሸርተት ይላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ያብጣል። የኔው ግትር ብሎ ይቆማል። ባስ ቀነስኩ፣ ሌላ ስፒከር መረጥኩ፣ ዲስቶርሽን ጨመርኩ… አልሆነም። አምፑ ያው፣ ጊታሩ ያው። ታዲያ ምኑ ነው የጎደለው?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ልምምድ ቀረሁ። ልክ ነበርክ ልለው ሄጄ ጋሼ አልነበረም። ባለቤቱን እትዬ ሚስራን ቡና ስትለቅም አገኘኋት። ከገደብ ወረዳ የመጣች ናት፤ አማርኛዋም የዚያው ነው። የልቤን ለሷ ነገርኳት።

«አንተ ጠዋት ነው የመጣኸው» አለችኝ ቀና ሳትል። «ጠዋት መብራት ጠንካራ ናት። እሱ ሁልጊዜ ማታ ነው የሚጫወተው፣ ሰው ሁሉ ስቶቭ ሲሰካ። አምፖሉ ቢጫ ትሆናለች። መብራቱ ስትደክም ጊታሩም አብራው ትደክማለች። ያኔ ነው ደስ የሚለው።»

እዚያው ቆሜ አመሸሁ። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ቮልቲሜትሬን ሶኬቱ ውስጥ ከተትኩ፦ 168 ቮልት። ሁለት መቶ ሃያ መሆን የነበረበት!

አሥራ ስምንት ዓመት ሆቴሉ ውስጥ የተጫወተው በዚህ ነው። ቲዩቦቹ የሚበቃቸው መብራት አጥተው ሲያቃስቱ ነው እኛ ስናጨበጭብ የኖርነው። እኔ ደግሞ አዋቂው፣ ስታብላይዘር ተሸክሜ ሄጄ አንዷን ቁም ነገር አጠፋሁ። እየሳቅኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

ጋሼን ለምኜ ማታ እንደገና ቤቱ ሄድኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ስታብላይዘር የለም፣ ሶኬት በቀጥታ። አምፖሉ ቢጫ ሆነ። የመጀመሪያው ሙከራ መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ተበላሸ። ሲመለስ እንደገና ጀመርን። ጋሼ «ቲዩቡ ብዙ አይቆይም» አለ። «እንተወው» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ጉጉቴ በለጠ።

ጩኸቱ አለቀ። ሳጥኑ የሚጫወት ሰው ጠየቀ። ጊታሩን ለጋሼ ሰጠሁት። «ጣቴ ደርቋል» ብሎ ትንሽ አንገራገረና ጀመረ። ትዝታ ነበር፣ ቀስ ያለ። ያ መሸርተት፣ ያ ማበጥ… እንባዬ መጣ። ሽቦ የማይ መስዬ አጎነበስኩ።

ከዚያ ጠሽ አለ። የተቃጠለ ሽታ። ዝም።

ጋሼ ጣቱን ከክሩ ላይ ሳያነሳ «ያዝከው?» አለኝ።

«ይዤዋለሁ ጋሼ።»

ተነስቶ ሶኬቱን ነቀለ። አንሶላውን መልሶ አለበሰው፣ ጠርዙን አስተካከለ። እትዬ ሚስራ በር ላይ ቆማ ነበር። የገደልኩት እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20

ከአልጋ አልወረድኩም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24

ልምምድ። በአዲሱ ቅጂ ተጫወትኩ። ንብ የለ፣ ምን የለ። ዘከርያ ከበሮውን በእጁ አስቆመ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«አውርጄው ነው» አልኩ።

አፌ ራሱ ነው ያለው! ለምን ዋሸሁ? ማን አስገደደኝ? ዘከርያ ደስ ብሎታል። ጥር 18 ኢዲዶ ቀበሌ ትልቅ ሰርግ አለን፣ የሙሽራዋ አባት የድሮውን የሆቴል ሙዚቃ ነው የጠየቀው። «ሶሎውን ሁሉ በዚህ ድምፅ» አለኝ። እሺ አልኩ። የጠገበ ሌባ እንቅልፍ ይወስደዋል? እኔን አልወሰደኝም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29፣ ገና

እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ሄድኩ። ሳጥኑንና አንድ ትንሽ ስፒከር ይዤ። ልሰጠው ነበር? ላሰማው ነበር? ስወጣ አልወሰንኩም።

ጋሼ ጊታሩን ሰካ። አንዴ መታ፣ ቆመ። ሳጥኑን አየ፣ አንሶላ የለበሰውን አየ። ከዚያ ሳያቋርጥ ተጫወተ። ለአሥር ደቂቃ የተቆጠበው ጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ። እትዬ ሚስራ ከጓዳ ወጥታ ቀና ብላ አምፖሉን አየች። «መብራቱ እኮ አልደከመችም» አለች፣ ግራ ገብቷት። ሦስታችንም ሳቅን። አምፑ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው።

ልሄድ ሽቦ ስጠቀልል ጋሼ ጠየቀኝ። በቁጣ አይደለም፣ እንዲያው ለማወቅ።

«ሰጠኸኝ ወይስ አሳየኸኝ?»

ሳጥኑ የሰርግ እንጀራዬ ነው። ሌላ የለኝም። «ይመሻል ጋሼ፣ ልሂድ» አልኩ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሳጥኑን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 1

በእሱ ድምፅ ስጫወት የኔ ጣት ይጋለጣል። ድምፁ ይጠብቃል፣ እኔ እቸኩላለሁ። ልምምድ ላይ ማንም አላወቀም። እኔ ግን አወቅኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 3

ለዘከርያ ነገርኩት። መኪናው ስር ተኝቶ ዘይት ሲያፈስ ነበር፤ ፊቱን ስለማላይ ቀለለኝ። ሁሉንም ነገርኩት። የማን ድምፅ እንደሆነ፣ እንደዋሸሁ፣ አምፑ እንደሞተ።

ቁልፉን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ሰማሁ። «እኔ እኮ አምፑን ነው የተውኩት» አለ ከስር። «ሰውየውን ልተው አልፈለግኩም። አንዴ ሳልጠራው ከቀረሁ በኋላ ግን… አፈርኩ።»

እሱም! ሁለት ዓመት ሁለታችንም በአንድ መንገድ ስንሸሸው ነበር።

«መኪናው ላይ ለሁለት ጊታር ቦታ አለ» አለ ሲወጣ። «ሶሎ ግን አንድ ነው።»

«የሱ ነው» አልኩ። «ሳጥኑም። እኔ ሪትም እይዛለሁ፣ በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ሰክቼ።»

«ያለ ሳጥን? ድምፅህ ምን ሊመስል?»

«የመሰለውን።»

አብረን ሄደን ነገርነው። ጋሼ ዘከርያን ብዙ አየው። ከዚያ «ልምምዱ ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

እሑድ፣ ጥር 18

ከኢዲዶ አሁን ገባን። እግሬ አቧራ ለብሷል፣ ጆሮዬ ይጮሃል።

ዳሱ የተጣለው ቡና ከሚሰጣበት የሽቦ አልጋ ጎን ነው። ጋሼ በነጭ ኮቱ ሳጥኑን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሰካ። በጄኔሬተር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያ የደከመ መብራት ድምፅ ወጣ። የሙሽራዋ አባት ምግብ ያሳልፍ ነበር፤ ሳህኑን ለሰው አቀብሎ መጣ፣ ጋሼ ፊት ቆሞ ቀረ። «ሞቷል ብለውን ነበር እኮ» አለ። እኔ ከኋላ ሪትሜን እየመታሁ… ቀናሁ? አዎ፣ ትንሽ። ደስታው ግን በለጠ።

አራተኛው ዘፈን ላይ ጋሼ ዞሮ በአገጩ ምልክት ሰጠኝ። ሶሎውን ያዝ። እምቢ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። በዚህ ድምፅ? ያኔ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው… መጫወቱን አቆመ። እጁን ክሩ ላይ አሳርፎ አየኝ። ዘፈኑ መሃል ላይ ባዶ ቦታ ተከፈተ፣ ሰው እየጨፈረ ነው። ምን አማራጭ አለኝ? ገባሁ። ድምፄ ሲያሳፍር! ግን አልቸኮልኩም። የማስታውሰው አለመቸኮሌን ብቻ ነው።

ዲላ ስንደርስ ሊመሽ ነበር። ጋሼ ሳጥኑን በብብቱ ይዞ ወረደ። አልጠየቅኩትም፣ እሱም አላመሰገነኝም። ባጃጅ አስቁሞ አንድ እግሩን ካስገባ በኋላ ዞረ።

«ድምፅህ ቀጭን ነው» አለኝ። «ረቡዕ ቤት ና። በሳጥኑ አንተ ትጫወታለህ፣ እኔ እሰማለሁ።»

ደስ አለኝ። ሌላ ምን ብዬ ልጻፍ… ደስ አለኝ።