ከአንድ ፋብሪካ የወጣው ወንድምህ

ሰዒዴ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ዝናቡ ሐርጌሳን ጥሎ ሄዶ ሁለቴ ተመለሰ። ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው፤ በሩን ብቻ ሰማያዊ ቀባሁት። ብታየው ትስቃለህ፣ የበርበራ ባሕር ደጃችን ድረስ የመጣ ይመስላል። ከሰዓት በቤቱ ጥላ ሥር ጋደም ስል የመኪናህ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል፤ ጋቢና ውስጥ ካንተ ጎን እቀመጣለሁ፣ መንገዱ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ሁለታችንም ዝም። እኔ ዝም ማለቴን መቼም አታምንም።

ዛሬ ግን ዝም አልልም፤ ታናሽህ ጀማል ተመረመረልኝ።

ያንተ የፕሮስቴት ካንሰር አጥንትህ ከገባ በኋላ ሲታወቅ፣ ሐኪሙ ያለኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ሌላው ወንድ ሃምሳ ግድም ሲደርስ ስለ ምርመራው ሐኪም ያማክራል፤ አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ግን ገና በአርባዎቹ፣ ሕመም ሳይጠብቅ። ይህን አርባን ለተሻገረው ጀማል ብነግረው ሳቀብኝ። አቦ ተይኝ፣ ሽንቴ እንደ ቧንቧ ነው የሚወርደው፣ ደግሞ ይሄ የሴት ወሬ አይደለም አለኝ።

ያኔ የናንተው የሾፌሮች ልማድ ትዝ አለኝ። የአንዱ መኪና ፍሬን መንገድ ላይ ከከዳው፣ ያንኑ ዓይነት መኪና የያዙት ሁሉ ምንም ባይሰማቸውም ሳያስፈትሹ አይወጡም፤ የሌላው ዓይነት በተራው ይታያል። አንድ ቀን ምሳ ይዤ ብመጣ ከመኪናህ ሥር ገብተህ፣ ሳልጨርስ አልወጣም ብለህ ምሳው ቀዘቀዘ፤ እንዴት ተናድጄብህ ነበር!

ጀማልን ዋሄን ገበያ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሻይ ሲጠጣ አገኘሁት።

«አንተና ሰዒድ ከአንድ ፋብሪካ የወጣችሁ ናችሁ» አልኩት በፊታቸው። «የሱ ፍሬን ሲበጠስ አይተህ፣ ያንተን ሳታስፈትሽ ቁልቁለቱን ልትወርድ ነው?»

ጀማል ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ በማግስቱ ከሐኪም ጋር ተነጋገረና ለምርመራ ደም ሰጠ። የደሙ ውጤት ብቻውን ሁሉን እንደማይናገር፣ በሌላ ምክንያትም ከፍ ሊል እንደሚችል ነገሩት፤ የሱ ግን ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። በቀጠሮው ተመልሶ ይታያል። ሃምሳን ያለፈ አንድ ጓደኛው ደግሞ ምርመራው የት እንደሆነ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

ልጃችንም ካንተው ፋብሪካ ነው። ጊዜው ሲደርስ ስምህን ጠርቼ ለምርመራ እልከዋለሁ፤ እስከዚያ እንዳይረሳው በየጊዜው አነሳሃለሁ።

ትናንት በሕልሜ ከመኪናው ሥር ወጣህ። እጅህን ታጠብክና ምሳውን ገና በትኩሱ በላህ።

አላህ ይዘንልህ፤
ያችው ወሬኛህ