ስለ ስድስተኛው በረት ሁለት ቃል

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ዝናብ። አውቶቡሱ ሞልቶ ቆሜ መጣሁ። ቢሮ ስደርስ ሆቫርድ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ "ቶርዲስ፣ ሠንጠረዦችሽ አልቻሉም" አለኝ። አለቃዬ ዙሪያ ጥምጥም አያውቅም። ባሕሩ ላይ ያሉት አርባ ስምንት የሳልመን ዓሣ መረቦች፣ እኛ በረት የምንላቸው፣ በየአሥር ሰከንዱ የውሃቸውን ሙቀትና ኦክስጅን ንባብ ይልኩልናል። አሮጌው ዳታቤዝ ማስገባት አቅቶት ወደ ኋላ ቀርቷል። "እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ምረጡ። ሠንጠረዥ ያልሆነ።"

ሃያ ስድስት ዓመት ሠንጠረዥ ስሠራ ኖሬ... ለአንድ ነገር አንድ ቦታ፣ አንድ እውነት። ያ ከቀረ እውነቱ የት ይቀመጣል?

ኤስኪል ከጎኔ ሆኖ ይስቃል። "አይዞሽ የሠንጠረዥ ንግሥት፣ ዙፋንሽን ሙዚየም እናስገባልሻለን።" አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ባንሠራ ኖሮ በጥፊ ነበር።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6

ከምርጫዎቹ ሦስት ዳታቤዞች ቀርተዋል። ሁሉም ሦስት ሦስት ኮምፒውተር ላይ ይሠራሉ፤ አንዱ እዚህ ቢሮ፣ አንዱ ስኮርቫ ደሴት፣ አንዱ ላንጎር ደሴት። ኤስኪል ስም አወጣላቸው።

አለቃው፦ ከሦስቱ ኮምፒውተሮች አንዱ አለቃ ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ ምንም አይጻፍም። ችኩሉ፦ አለቃ የለውም፣ ሁሉም ይጽፋሉ፤ ሁለት ቃል ከተጋጨ መጨረሻ የተጻፈው ያሸንፋል። ሽማግሌው፦ እሱም አለቃ የለውም፤ ሲጋጭ ግን ሁለቱንም ይይዝና ሰው ይጠይቃል።

"ሽማግሌው ሰነፍ ነው" አልኩ። "መወሰን የማይችል ዳታቤዝ ምን ያደርግልናል?"

ዓርብ፣ ኖቬምበር 8

ኤስኪል ዛሬ በሥራ መሐል የቢሮውን ኮምፒውተር ገመድ ነቀለው። ጮህኩበት። "ዝም ብለሽ እዪ" አለኝ።

አለቃው ዝም አለ፤ የተነቀለው ኮምፒውተር ነበር አለቃ የነበረው። አሥራ ሁለት ሰከንድ... ከዚያ ደሴቶቹ ላይ የቀሩት ሁለቱ እርስ በርስ ተጠያየቁና ከመሐላቸው አዲስ አለቃ መረጡ! መረጡ! ማንም አላዘዛቸውም። ችኩሉና ሽማግሌው ጭራሽ ዓይናቸውንም አላርገበገቡም፤ ቁጥሩ ይጎርፋል።

ቁጭ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ኮምፒውተር ሲሞት አብሬው ስሞት ነው የኖርኩት። እነዚህ ግን... ከዚያ በኋላ ሥራ አልሠራሁም። ምሳዬን፣ ያንን ቡናማ አይብ በዳቦ፣ ማያው ፊት እንደያዝኩት ቀረሁ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ለጉድኒ ደወልኩ። የስኮርቫን አሥራ ሁለት በረቶች የምታስተዳድረው እሷ ናት። "ከአዲሱ ምን ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

"ፍጥነቱን ለራሳችሁ ያዙት። በማዕበል ቀን የጻፍኩት ነገር እንዳይጠፋብኝ። ሌላ አልፈልግም።"

ከሁለት ዓመት በፊት ኦክስጅን ወርዶ አንድ ሙሉ በረት ዓሣ አልቆባታል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት 9፡40 ማዕበሉ የስኮርቫን የመገናኛ ሳጥን አጥለቀለቀው። ኬብሉም ስልኩም ጠፋ። ቢሮ ሆነን ስለ ደሴቱ አንድም ነገር አናይም። የመጨረሻው ንባብ፣ የስድስተኛው በረት ኦክስጅን እየወረደ ነበር። 11፡31 ላይ ትእዛዝ ጻፍኩ፦ "ስድስት፣ ኦክስጅን ሙሉ በሙሉ ይከፈት።" ለሦስቱም ዳታቤዝ። ገና ሙከራ ስለሆነ ትእዛዙ ኦክስጅን የሚነፋው ማሽን ጋ አይደርስም። የእውነት ቢሆን ኖሮ ግን መስመሩ እንደተመለሰ በራሱ ይከፍት ነበር።

ከሰዓት 4፡40 መስመሩ ተመለሰ። ስኮርቫ ብቻዋን ሆና ሰባት ሰዓት የያዘችው ሠላሳ ሺህ ንባብ እየጎረፈ መጣ፤ እያንዳንዱ ችኩሉና ሽማግሌው ላይ በየሰዓቱ፣ በየበረቱ ገባ። አንድ እንኳ አልጎደለም። እኔና ኤስኪል ቆመን አየን።

ከዚያ ስድስተኛውን በረት ከፈትኩ።

አለቃው ላይ የኔ ትእዛዝ ብቻ። ስኮርቫ ያለው ኮምፒውተሩ አለቃውን ስላላገኘ ጉድኒ የጻፈችውን አልቀበልም ብሏል። ችኩሉ ላይም የኔ ብቻ። ሽማግሌው ላይ ግን ሁለት፦

11፡20፣ ጉድኒ። "ስድስት፣ የኦክስጅን ቱቦው ፈነዳ። ኦድቫር በእጁ ይዞ እየጠገነ ነው። እንዳትከፍቱ!"

11፡31፣ ቶርዲስ። "ስድስት፣ ኦክስጅን ሙሉ በሙሉ ይከፈት።"

ከሥር፦ "የትኛው?"

በኋላ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ችኩሉ እኔን መረጠ። አላጠፋም፤ በደንቡ ሄደ። መስመሩ ቀደም ብሎ ተመልሶ ቢሆን ኖሮ የሰው እጅ ያለበት ቱቦ ውስጥ ያን ሁሉ ግፊት ልልክበት...

ጉድኒ ደወለች። "ጠገነው፣ ከዚያ በእጃችን ከፈትን። ዓሣዎቹ ደህና ናቸው። ምነው ድምፅሽ?"

"ምንም" አልኩ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 15

ስብሰባ። ሆቫርድ፣ "ችኩሉ ከሁሉም ይፈጥናል፣ ምን ያከራክራል?" አለ። የትናንቱን አሳየሁት። ሁለቴ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ።

"ታዲያ ሽማግሌው ለሁሉም?"

"የለም" አልኩ። ራሴን እየሰማሁት ገረመኝ። "ንባቡ ለችኩሉ ይሁን። አንዴ የተለካ ሙቀት ላይ ማንም ተመልሶ አይጽፍም፣ ስለዚህ ግጭት የለም። ሰው የሚጽፈው፣ ትእዛዝም ማስታወሻም፣ ለሽማግሌው። ውልና ፈቃድ ሠንጠረዥ ውስጥ ይቆዩ፤ እዚያ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገን።"

ኤስኪል ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። "እኔም ችኩሉን ነበር የምመርጠው" አለ ቀስ ብሎ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ሆቫርድ ፈረመ። ተኛሁ፣ በደንብ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 2

በጠዋቱ ጀልባ ስኮርቫ ሄድን፣ አዲሱን ሥራ ለማስጀመር። ጉድኒ የዓሣ ሾርባ ሠርታ ጠበቀችን። ስንበላ ማያው ላይ ብቅ አለ፤ ስለ ሁለተኛው በረት ሁለት ቃል። አንዱ ከቢሮ፣ አንዱ ከበረቱ። ዱሮ ብሆን የቢሮውን እይዝ ነበር፣ ሳላስብ። ማንኪያዬን አስቀምጬ ጉድኒን፣ "በረቱ ላይ ያለው ማነው?" አልኳት። ወጥተን ጠየቅነው። ቢሮው ተሳስቷል።

ሰውዬው ጓንቱን አውልቆ ጨበጠኝ። ሰፊ፣ ቀዝቃዛ፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት እጅ።

"ኦድቫር" አለ። "ልታፈነጂኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ አሉ?"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እጁን ግን ቶሎ መልቀቅ አልቻልኩም።